ያነሳነው ሰሊጥ

ሌባ የተባልሁት በገዛ ፊርማዬ ነው። ያውም በሸጋ ፊርማ፤ የ«ላ»ን እግር እንደኔ አስተካክሎ የሚጥል ጸሐፊ ጎንደር ውስጥ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ማኪና ከሳንጃ ሰሊጥ አምጥቶ ባራገፈ ቁጥር ዘይት ፋብሪካው ወለል ላይ የሚፈሰውን ጠርገን የምናነሳው እኔና አያ ዋኘው ነበርን። አያ ዋኘው ከድብ ባሕር የመጡ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ጆንያ ተሸካሚ ናቸው። በ፲፱፻፶፯ ኅዳር አንድ ቀን የጠረግነውን፣ በኋላ አቧራው እንዲነፋ ብዬ በጆንያ ከበሩ ጥግ አቆምሁት። ዘበኛው አየና «ሊያወጡት ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶን አንድ ወረቀት ዘረጋልን። «ከወለል ላይ ሰሊጥ ማንሳታችንን አምነናል» ይላል። በልቤ አነበብሁት። እውነት ነው፤ አንስተናል፤ የተቀጠርነውስ ለማንሳት አይደል?

«አያ፣ እውነት ነው የተጻፈው፤ ያትሙ» አልኋቸው። እኔ ፈረምሁ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን አተሙ። በማግሥቱ «በሌብነት» ተብለን ተባረርን።

ፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ተክለ ጊዮርጊስ ክሳችንን ጻፈልን። ወደ ሥራችን እንመለስ፣ «ሌባ» የሚለው ቃልም ይሰረዝልን፣ ይኸው ነው።

ዳኛው ፋብሪካው ያቀረበውን ወረቀት ይዘው መጀመሪያ አያ ዋኘውን ጠየቁ።

«ወረቀቱ ተነቦልዎታል?»

«ኧረ የምን መነበብ፣ ጌታዬ! ይቺ ልጅ ያትሙ አለችኝ፣ አተምሁ።»

ማንበብ የማይችል ሰው ዳኛ ፊት ሳይረጋገጥ ያተመው ጣት፣ በአዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አያስገድደውም አሉ ዳኛው። ሌላ ማስረጃ ስለሌለ አያ ዋኘው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ተባለ። እልል ልል አፌን ስከፍት የኔ ጉዳይ ለከሰዓት ተቀጠረ።

ተክለ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ነጠላዬን ይዞ ጎተተኝ።

«አላነብም በይ።»

«ምነው? ፊርማዬስ?»

«ስሜን መሳል ብቻ ነው የለመድሁት በይ። አንብቢ ካሉሽ ተንተባተቢ። አለቀ።»

«እነሱ ዋሽተው ደግሞ እኔም ልዋሽ?»

«ስሚ ወለላ፤ እውነቱን ከተናገርሽ ሌባ ነሽ፤ ከዋሸሽ ንጹሕ ነሽ። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

ምኑም አልገባኝ። ጆንያው አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፤ ታዲያ ሌባው እንዴት እኔ ብቻ ሆንሁ? ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። እኩሌታውን ቁስቋም አጥር ሥር ተማሪ ሲጮህ እየሰማሁ፣ የቀረውን ከጆንያ ጽሑፍ ላይ እየለቀምሁ ነው ያወቅሁት። ያ ሁሉ ጥፋት ነበር እንዴ?

ከሰዓት ዳኛው ወረቀቱን ዘረጉልኝ።

«እስቲ አንብቢ፤ ከቻልሽ።»

ያቺን «ከቻልሽ» ባይጨምሯት ኖሮ፣ እምላለሁ፣ እንተባተብ ነበር። ወረቀቱን አነሳሁ። ተክለ ጊዮርጊስ ከበሩ ላይ ሆኖ ዐይኑን አፈጠጠብኝ። አያ ዋኘው ከኋላ አግዳሚው ላይ «አይዞሽ» አሉኝ፤ ለየትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

እንደ ውሃ አንቆረቆርሁት። አልበቃኝም፤ «'ማንሳታችንን' የሚለው 'መጥረጋችንን' ተብሎ ቢሆን ሁላችንም ቤታችን ነበርን» ብዬ ጨመርሁበት።

«እንግዲያ አውቀሽ ነዋ የፈረምሽው» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። ወረቀቱ እኔን ያዘኝ፤ ክሴ ተዘጋ።

የውሳኔውን ግልባጭ ተቀብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። አያ ዋኘው አጠገቤ ቆሙ፤ ደስም አላላቸው።

«ሰኞ ብቻዬን ልጠርገው? ሌላ ወረቀት ሲያመጡብኝስ ማን ያይልኛል?»

«አያትሙ፤ እኔ ቤት ይዘውት ይምጡ።»

«ያሁኑስ ምን ይላል?»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የማላውቀው ቃል የለበትም። የሰረቅሁበትን ቦታ ግን አጣሁት።

«እንጃ፣ አያ» አልኋቸው።