ፈውዚያ እስክትነቃ

ጀማለዲን ፈውዚያን እንድትተኛለት የሳል ሽሮፕ ያጠጣት ሚኒባሱ ከሮብ ገበያ ሳይነሳ ነው። አንድ ክዳን ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ሰጣት። ምን ያድርግ? የሰባት ዓመቷ ልጁ ባለፈው ዓርብ የጎረቤት ሴት ክንድ ነክሳ አድምታለች፤ ትምህርት ቤቱም ሳትታከም እንዳትመጣ ብሏል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ልጆችን የምታይ ባለሙያ አለች ተብሎ ስንት ወር ተራ ጠብቆ፣ መንገድ ላይ ልታዋርደው ነው? ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከተሳፋሪው ግማሹ ደንበኛው ነበር።

ፈውዚያ በዒድ ቀሚሷ ጭኑ ላይ ተኛች። እንዲህ ጸጥ ብላለት አታውቅም። ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ አፈረ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብድግ ሲል ተራው ደረሰ። ባለሙያዋ ሲስተር ጥሩብርሃን ልጅቱን በስሟ ብትጠራት፣ መዳፏን ብትነካካት አልነቃችም፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው። ቤት ውስጥ እንዴት ናት ስትለው ያ ምላሰኛ ነጋዴ ቃል ይመርጥ ጀመር። የቤት ገመና በማያውቁት ሰው ፊት እንዴት ይዘረገፋል? ትንሽ ትረብሻለች፣ አለ። ሲስተር ልጅ መቼም ይረብሻል ብላ ከሦስት ወር በኋላ ልትቀጥረው እስክሪብቶ አነሣች።

ሦስት ወር! አራስ ሚስቱን አሰበ። ሕፃኑን አሰበ።

«እናስራታለን» አለ።

ሲስተር ቀና አለች። «ማን ነው የሚያስራት?»

«እኔ። ሱቅ ስሄድ፣ በእናቷ ሻሽ፣ ከምሰሶው ጋር። ሕፃኑን እንዳትጎዳው ብዬ ነው። ዛሬም የተኛችው ሽሮፕ አጠጥቻት ነው።»

ትቆጣኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ምን ያህል እንዳጠጣትና መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ትንፋሿን አዳመጠች፤ ሁለተኛ እንዳይለምደው አስጠነቀቀችው። ከዚያ እስክትነቃ በር ላይ እንዲጠብቅ ነገረችው።

«እኔ ማየት ያለብኝ የቤቷን ፈውዚያ ነው» አለች።

ስንት ዓመት ጩኸቷን ሲሸሽ የኖረ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ አላህን ጩኸቷን ይለምን ጀመር። ስምንት ሰዓት ገደማ ጣቶቿ ተላወሱ። ከዚያ ተንፈራገጠች፤ ጫማዋን ወርውራ ኮሪደሩን በጩኸት አናጋችው። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አየ፤ አንዲት ሴት ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው ስትል ሰማ። አላፈረም ማለት ውሸት ነው። ግን አፏን አልያዘም። ክንዱን እየነከሰችው እንዳቀፋት በሩን በእግሩ ገፋው።

«ይችውልዎት ሲስተር» አለ። «ልጄ ይች ናት።»