ማሽኑ የጣለው አዎታ

የምሠራው የኢንተርኔት ስልክ ጥሪዎችን በምናስተላልፍበት መሥሪያ ቤት ነው። አለቃችን መስመሩ ተጨናነቀ ብለው ማሽኑን አዲስ ሕግ አስተማሩት፤ ድምፅ ይለፍ፣ ዝምታ ይጣል። 

በዚያው ሰሞን አባቴ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሊታረቅ ደወለ። በአጥር ምክንያት ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ያስደወለችው እናቴ ናት። አባቴ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። አጎቴ ግን «አዎ» ለማለት እንኳ ቃል አያወጣም፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ በቃ።

«ጋሼ፣ እንታረቅ?» አለ አባቴ። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ዘጋው።

«ናቀኝ። ለቀብሬም እንዳይመጣ።»

ቢሮ ገብቼ ማሽኑ ከጣለው ውስጥ ፈለግኩ። የአጎቴ ትንፋሽ እዚያ ወድቋል።  ለአባቴ ብነግረው «ወንድሜን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ ማሽንህ?» ብሎ አባረረኝ።

አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ትንፋሽ ካሳለፍን ነገ ያዛጋ ሁሉ መስመር ይጠይቃል» አሉኝ።

«ትንፋሽ አይደለም፣ አዎታ ነው። ገባዎት?»

ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ከዚያ ደንግጠው አዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቆመ። ሠራተኛው በሙሉ ማሽኑን አዎታ ሊያስተምር ፊቱ ተቀምጦ አየር ሲስብ ዋለ። ማሽኑም ከልክ በላይ ገባው፤ ትንፋሽን አስቀድሞ ማሳለፍ፣ ቃልን ቦታ ከተረፈ ብቻ ማስከተል ጀመረ። ቦታ አልተረፈም። ቅሬታ አልመጣም፤ በስልክ የሚመጣ ቅሬታ ቃል ነዋ።

እናቴ አባቴን በግድ ዳግም አስደወለችው። እሱም የዓመታት ብሶቱን ዘረገፈው። «አጥሩን የገፋኸው አንተ ነህ፣ አይደለም?» ትንፋሽ። «በድለኸኛል?» ትንፋሽ። አባቴ አለቀሰ። አጎቴ በበኩሉ የሰማው አባቴ በየመሃሉ የሚስበውን አየር ብቻ ነው፤ ወንድሜ ጥፋቱን አመነ ብሎ እሱም አለቀሰ።

እሑድ አጎቴ ቤታችን መጣ። ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ተቀመጡ።

«ጥፋትህን ማመንህ ደስ አለኝ» አለ አባቴ።

«ያመንከው አንተ ነህ እንጂ። አጥሩንም የገፋኸው አንተ ነህ» አለ አጎቴ። በሕይወቴ ከእሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

ሁለቱም ብድግ አሉ። እናቴ አባቴን ክንዱን ይዛ መኝታ ቤት አስገባችውና ዘጋችበት። ለአጎቴ ስልክ አቀበለችው።

«ደውልለት» አለችው። ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ ያንን ማሽን እንዳትነካው። ሰማኸኝ?»

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ።