አጠራጣሪ ነገር የለም

ሳቁ የፈነዳው በረንዳው ላይ ነው። ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ደንግጠው ተያዩ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለቅሶ ቤት ነው እኮ!" አለች የሟቹ እህት፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ።

"ይቅርታ እትዬ።" ጎረቤታቸው አናጢው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "ከጋሼ ፊልም ሰላዩ ስለ ራሱ ሪፖርት ጽፎ የሚሾምባትን ቦታ እያጫወትኳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጋሼ ይህን ሁሉ ጉድ የት ደብቀውት ኖሩ? ሃያ ዓመት ስንጎራበት 'ደህና አደርክ' ከማለት ሌላ ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።"

"ቁጥብ ነበር ወንድሜ፣" አለች እህትየው፣ ድምጿ ለስልሶ። መስኮቱን ግን ዘጋችው።

የሟቹ ልጅ ጥግ ላይ፣ ከአባቷ ባዶ ወንበር አጠገብ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰችም። ሴቶቹ "አልወጣላትም" ሲባባሉ ትሰማለች። አንዷ ደግሞ ይበልጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቅ አላለችም አሉ፣ አንድ ልጁ ሆና" ስትል ሰማች። እንባዋን የያዘው ግን ሐሜቱ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ነው። አባቷ ከመሞቱ በፊት ፊልሙን አይቶት ይሆን?

አባቷ አርባ ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። የሌሎችን መጻሕፍት ስህተት እየለቀመ፣ በምሳ ሰዓት በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ የራሱን አንድ ልቦለድ ጻፈ። አንድ ሰላይ አደገኛ ሰው እንዲከታተል ይታዘዛል። የተሰጠውን የመልክ መግለጫ ይዞ ከተማውን ሲያስስ ይከርምና አንድ ቀን ጸጉር ቤት፣ መስታወት ፊት ተቀምጦ ሰውየውን ያገኘዋል። ራሱ ነው! ለአለቆቹ መናገር ስለሚፈራ ስለ ራሱ ሪፖርት መላክ ይጀምራል። የእሱን ያህል ዝርዝር የሚጽፍ ስለሌለም ሹመት በሹመት ይሆናል። መጽሐፉን ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው። ፊልም ሲሆን ግን ከተማው ሁሉ ሳቀ። የፊልሙ ኤዲተር፣ ቆራጯም ቀጣይዋም፣ እሷ ነበረች።

ዳይሬክተሩ ሊያስፈቅድ ቤት የመጣ ዕለት አባቷ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "የፈለጋችሁትን ቀይሩ። የሻዩን ቦታ ብቻ ተዉልኝ።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ። "ነጠላ ሰረዜ ካለችበት ግን ምን አሰጋኝ?"

ነጠላ ሰረዝ የሚላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነበር። "ሳነብ ትንፋሽ የምታስወስደኝ አንቺ ነሽ" ይላት ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ሰላዩ መጣ። ከፊልሙ ወዲህ ተዋናዩን በስሙ የሚጠራው የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው በሩ ላይ ተጋፋ።

"አለቃ፣ ዛሬ ማንን ተከትለህ ነው?" አለው አናጢው።

ተዋናዩ ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ አብጠው ቀልተዋል። አናጢው አቀርቅሮ ወንበሩን ለቀቀለት፤ እሱ ግን አልፎት ገባና ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ያቺ የሻይዋ ትዕይንት፣" አላት በሹክሹክታ፣ "ከሠራሁት ሁሉ እሷን ነበር የምወዳት። ከመቆረጧ በፊት ጋሼ አይተዋት ነበር?"

"አላሳየሁትም።"

"ፊልሙንስ?"

"እንጃ። 'ሰልፉ ሲቀንስ እሄዳለሁ' ብሎኝ ነበር።"

"ባያዩት ነው የሚሻለው፣" አለና ከንፈሩን ነከሰ። "ውይ፣ ይቅርታ። እንዲያው አምልጦኝ ነው።"

"እኔም የምመኘው ይህንኑ ነው፣" አለችው።

ትዕይንቷ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ናት። ሚስቱ የሞተችበት ሰላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱ ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይቀዳል። አንዱን ከፊቱ፣ ሌላውን ከባዶ ወንበር ፊት ያኖራል። አይጠጣም። ትንሽ ልጁ ከትምህርት ቤት ትገባና ቦርሳዋን ወርውራ፣ የባዶውን ወንበር ሻይ አንስታ ትጨልጠዋለች። "ቀዝቅዟል፤ ስኳርም የለውም" ትላለች። ሰላዩ የስኳሩን ዕቃ ወደ እሷ ይገፋላታል። ከዚያ ማስታወሻውን አውጥቶ ይጽፋል፦ "ተጠርጣሪው በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ሻይ ቀዳ። አጠራጣሪ ነገር የለም።"

እናቷ ስትሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ የተቀዳ ሻይ ይጠብቃት ነበር። ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ሁልጊዜ ስኳር የሌለው። ለእሷ የተቀዳ እየመሰላት አደገች። እናቷ ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣ እንደነበር ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ መጽሐፉን ስታነብ ነው። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችበትም። እሱም አላነሳባትም።

ፊልሙን ለሙከራ ለስልሳ ሰው አሳዩት። አዳራሹ አንድ ሰዓት ያህል በሳቅ ሲናወጥ ቆይቶ ሻዩ ሲመጣ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማንም አልሳቀም።

"ሳቁን ገደለብን፣" አለ ዳይሬክተሩ። "ግን የአባትሽ ነው፣ እኔ አልነካውም። አንቺ ያልሽው ይሁን።"

ሦስት ቀን ደጋግማ አየችው። ባየችው ቁጥር አለቀሰች፤ እንባዋን ግን አላመነችውም። የአባቴ ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ ሰው ምኑ ነው፣ አለች። አባቷ አዳዲስ አራሚዎችን ሲያስተምር "ዓይናችሁ የወደደውን ቃል ሁለቴ ጠርጥሩት" ይላቸው ነበር። ጠረጠረችው። አወጣችው።

ከዚያ ወዲያ የአባቷን ፊት ማየት ከበዳት። ፊልሙ መታየት ከጀመረ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ "ሥራ በዛብኝ አባዬ" አለችው።

"አይዞሽ። ሲቀልልሽ ብቅ በይ፣" አላት።

ሳይቀልላት ልቡ ቆመ።

*

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ቴርሞስ ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"ነጠላ ሰረዝ የምትባለው ማናት?"

በዚያ ስም ከአባቷ በቀር የሚጠራት የለም።

"እኔ ነኝ፣" አለች ከጥግ።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት የምቀድደው እኔ ነኝ። ጋሼ ሲቀሩብኝ ጊዜ አጠያይቄ ነው የመጣሁት።"

ቀና አለች። "ይመጣ ነበር?"

"እንዴታ! ስድስት ቀን። የስምንት ሰዓቱን ነበር የሚያዩት።" ሴትየዋ አጠገቧ ተቀመጠች። "የመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ሰዓት ያህል እንደሄደ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ እሳቸው ተነሥተው ወጡ። 'ምነው፣ አመመዎት?' አልኳቸው። 'የለም፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር። ውጭ ቁጭ ብዬ ልየው' አሉኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። አመስግነውኝ ተመልሰው ገቡ። በነጋታውም እንዲሁ። በኋላማ ሰዓቱን ስለለመድኩት ከዚችው ሻይ ቀድቼ እጠብቃቸው ጀመር።" ቴርሞሱን መታ መታ አደረገችው።

"ተናዶ ነበር?"

"እሳቸው? 'ማን ነው ያወጣብዎት?' ብላቸው 'ልጄ' አሉኝ። ኩራት ኩራት እያላቸው እኮ ነው! እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ 'ታዲያ አልተሳሳተችም?' አልኳቸው። ሳቁብኝ። 'አራሚ የራሱን ስህተት አያይም። እሷ ደግሞ የራሴ ናት' አሉኝ።"

እጆቿን ጭኗ ላይ ቆላለፈች።

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

ሴትየዋ ቴርሞሱን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህንንም ጠይቄያቸው ነበር፣" አለች። "'ስትመጣ እነግራታለሁ' አሉ።"

*

ሴትየዋን በር ድረስ ሸኝታ ወጥ ቤት ገባችና ውኃ ጣደች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀዳች። ሳሎን ማንም አልነበረም። አንዱን ከፊቷ፣ ሌላውን ከአባቷ ወንበር ፊት አኖረችው። እንፋሎቱ ቀጥኖ ቀጥኖ እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

አክስቷ የተዋሱትን ወንበሮች ለጎረቤት ስትመልስ ቆይታ ወገቧን ይዛ ገባች። ሦስት ቀን ማንም ያልደፈረው ወንበር ላይ ሳታስበው ዘፍ አለች። ብርጭቆውን አንስታ በአንድ ትንፋሽ አጋመሰችው።

"ተባረኪ ልጄ። እንዴት ጠምቶኝ ነበር!" ከዚያ ፊቷን ቅጭም አደረገች። "ምነው ቀዘቀዘ? ስኳርም ረስተሻል።"

እጇን ዘርግታ የስኳሩን ዕቃ ቀስ አድርጋ ወደ አክስቷ ገፋችው።