የኋላዋ

መብራት ከቆቦ ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ ስልክ ሁሉ ሞቷል። ታሂር ከጁምዓ በኋላ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ነው። ስልክ ቢይዝም ደላሎች እንደሚነጥቁት ሰምቷል፤ የቤተሰቡን ፎቶ በወረቀት ቢይዝ ግን ማንም አይወስድበትም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው አራጌ ለዓመታት ያልነካውን የፊልም ካሜራ ይዞ መጣ።

ሲደርስ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታ ነበር። የታሂር እናት ኡሙልኸይር በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ታሂር አጠገባቸው ቆመ። ሚስቱ ፀዲ ከኋላቸው ራቅ ብላ የማሽላው አገዳ ክምር ጋ ቆመች።

አራጌ በካሜራው አይቶ ቀና አለ።

«ፀዲ፣ ወደፊት ነይ። ብርሃኑ ደክሟል፤ የሌንሱን ዓይን በሰፊው ልከፍት ነው። እንዲህ ሲከፈት አንዱ ረድፍ ከጠራ ሌላው ይደበዝዛል።»

«ሱብሃነላህ! ምራት ከአማቷ እኩል ቆማ ታውቃለች?» አሉ ኡሙልኸይር። «ደንባችንን ካሜራህ ሊያፈርስ ነው?»

«እንግዲያው እርስዎ ወደ እሷ ጠጋ ይበሉ።»

«እኔ? ወደ ምራቴ? አስተግፊሩላህ!»

«ሁሉንም ለማጥራት ዓይኑን ባጠብበው ደግሞ ረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ መቆየት ይፈልጋል፤ ሳልዎ አያስችልዎትም» አለ አራጌ፤ ኡሙልኸይር ሳቁና ሳሉ። አራጌ ወደ ታሂር ዞረ። «በል አንተ ተናገር። ፎከሱን ማን ላይ ላድርገው?»

ፀዲ ባሏን አየችው። ታሂር የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ፣ መልሶ አወረደው።

«እማ ላይ» አለ። «ይመሻል ጋሽ አራጌ፣ ያንሱን።»

ፀዲ ሻሿን አስተካክላ ትንፋሿን ያዘች። ካሜራው ጠቅ እስኪል የዓይኗን ሽፋሽፍት እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

አራጌ ፊልሙን በእጁ አጥቦ፣ ወረቀቱን በፀሐይ አትሞ፣ ሐሙስ ከሰዓት አመጣው። የኡሙልኸይር ግንባር መስመር በመስመር ይቆጠራል። የታሂር ዚፕ እንኳ ጥርሱ ይለያል። ከኋላ አንድ ነጣ ያለ ሻሽ አለ፤ ከሥሩ ፊት መኖሩ ብቻ ይታወቃል።

ታሂር ወረቀቱን አቅርቦም አርቆም አየው።

«ተንቀሳቅሰሻል» አላት።

አራጌ ሊናገር አፉን ከፈተ። ፀዲ ቀደመችው።

«አዎ፣ ተንቀሳቅሻለሁ።»

ፎቶውን ተቀብላ በላስቲክ ጠቀለለችው፤ መርፌና ክር ፈልጋም የሱሪው ወገብ ውስጥ ሰፋችለት።