«ሁሉ ደህና ነው፣ አጎት ፋን»

ሐሙስ ጠዋት ማግሪታ እግሯን ከአልጋ ስታወርድ አንዱ ነጠላ ጫማዋ የለም። የት እንደገባ ለማወቅ ብዙም አላሰበችም። ባሏ ቴውኒስ የጀልባው ሞተር ሥር ተወሽቆ ሮዝ ጫማዋን በቢላ ይቆራርጣል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጎማ እየሠራሁ ነዋ፣ እማ። ትንሽ ታገሺ።»

ታገሺ! የጀልባቸው ስም ራሱ «ትዕግሥት» ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ገዝቶ ስሙን ያወጣላት እሱ፣ የምትታገሠው ግን ማግሪታ ሆና ቀረች። ከደቡብ አፍሪካው የሪቻርድስ ቤይ ወደብ ተነሥተው በሞዛምቢክ ዳርቻ መንከራተት ከጀመሩ ሁለት ወር ሆናቸው፤ እስካሁን ያልተሰበረ ነገር ቢኖር የቴውኒስ ኩራት ብቻ ነው። ሽንት ቤቱ ከተዘጋ ዘጠኝ ቀኑ፤ እስከዚያው በባልዲ ነው። ከአልጋዋ በላይ ያለው መስኮት ዝናብ በመጣ ቁጥር ፊቷ ላይ ያንጠባጥባል። ቴውኒስ በፕላስተር ለጠፈው፤ አሁን በፕላስተሩ ጠርዝ ያንጠባጥባል። ምድጃውም ቢሆን ደስ ሲለው ነው የሚነድደው። ይህን ሁሉ ችላ ነበር። ትናንት ግን ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለችው ባለ ስድስት ክንፍ ትንሽ ጎማ ተበጣጠሰች። ያለ እሷ ሞተሩ ወዲያው ይግላል። ያለ ሞተር ደግሞ፣ የተጠለሉባትን ደሴት በከበበው የአሸዋ ቁልል መሃል በሸራ ብቻ እወጣለሁ ማለት እብደት ነው። ደሴቷ ከጥቂት የዓሣ አጥማጆች ጎጆ በቀር ሱቅም፣ ማመላለሻም የላት።

እሑድ ደርባን ላይ ክርስትና አለ። የልጃቸው የኤልማሪ የመጀመሪያ ልጅ፣ እንደ ወጉ የእናቷን እናት ስም ወስዳ ማግሪታ ልትባል ነው። ታቅፋት የምትገባውም አያቷ ናት። ጥሩው ነፋስ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ያበቃል። ከዚያ የደቡቡ ይነሣል፣ ለሳምንት ንቅንቅ የለም።

በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም አጎት ፋን የሚሉት ሽማግሌ፣ ከባሕር ርቆ እርሻው ላይ ቁጭ ብሎ ጀልባዎቹን በሬዲዮ አንድ በአንድ ይጠራል።

«ትዕግሥት፣ ትዕግሥት። እንዴት አደራችሁ? ሁሉ ደህና?»

ቴውኒስ ግራሶ በነካው እጁ መነጋገሪያውን አነሣ። «ሁሉ ደህና ነው፣ አጎት ፋን!»

የማግሪታ ደም ፈላ። ዘጠኝ ቀን በባልዲ፣ ሁሉ ደህና! ምክንያቱን አላጣችውም። ሠላሳ አምስት ዓመት የባቡር ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ሲለመን እንጂ ሲለምን አልኖረም። አጠገባቸው መልሕቅ የጣለውን ዲዮንን፣ ለሁሉ ነገር ሁለት ሁለት መለዋወጫ ስለሚይዝ «ተንሳፋፊው ሱቅ» እያለ በዚሁ ሬዲዮ ሲያላግጥበት ከርሟል። አሁን በምን አፉ ይጠይቀው? ዲዮንም በዚህች ሰዓት ወደ ሪቻርድስ ቤይ ለመመለስ መልሕቁን እየሳበ ነበር።

የጫማው ጎማ ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሣ። ቴውኒስ «አላልኩሽም?» ብሎ አፉን ሳይገጥም የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ጢሱም ጓዳውን ሞላው። የቆየው አራት ደቂቃ!

አጎት ፋን ገና የመጨረሻዎቹን ጀልባዎች እየጠራ ነው። ማግሪታ መነጋገሪያውን ነጠቀችው።

«አጎት ፋን፣ ማግሪታ ነኝ። ደህና አይደለንም። ሽንት ቤቱ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ያፈስሳል፣ የፓምፑ ጎማ አልቋል፣ ባሌ ደግሞ ጫማዬን ቆርጦ አቃጠለው። አንድም ደህና ነገር የለም!»

አንዲት ሴት፣ ከየትኛው ጀልባ እንደሆነች እንጃ፣ «የኛም ሽንት ቤት ተዘግቷል» አለች። ከዚያ ዲዮን ገባ።

«ማግሪታ፣ የኔ ጎማዎች ለእናንተ ሞተር አይሆኑም። ግን ፓምፑ ላይ ቁጥር አለ። ቴውኒስ እሱን ይንገረንና ከሌሎቹ ጀልባዎች እናፈላልግ።»

«ንገራቸው» አለችው።

ቴውኒስ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ጆሮው ቀልቷል። «አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሳስቶብኝ ነው። አሁን ወፈር አድርጌ እቆርጠዋለሁ።»

«ከምን?»

ቴውኒስ አጎንብሶ እግሯን አየ።

«ወይ አንተ ሰውዬ! ልጅቷ እኮ በስሜ ልትጠራ ነው! እሑድ ማን ይቀፋት? ፓምፑ?»

«እንደርሳለን፣ እማ።»

«አንተ ድረስ!» ወደ ሬዲዮው ዞረች። «ዲዮን፣ ለአንድ ሰው ቦታ አለህ?»

የቀረውን አንድ ጫማ አልጋው ላይ ወርውራ በባዶ እግሯ ወጣች። በትንሿ የጎማ ጀልባ ቀዝፎ ያሻገራት ራሱ ቴውኒስ ነው። አሳዘናት። ማዘኗ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

የዲዮን ሽንት ቤት ይሠራል። ማግሪታ ገብታ ውሃውን ለቀቀችው፤ ሽው ብሎ ሲወርድ እንባዋ አብሮ ወረደ። ሁለት ወር ያጠራቀመችው እንባ ነው።

ዓርብ ማለዳ፣ ባሕር ላይ፣ የዲዮን ሚስት ሪካ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«ትዕግሥት፣ ትዕግሥት። ሁሉ ደህና?»

አጎት ፋን ደግሞ ጠራ።

«ትዕግሥት፣ ትሰማኛለህ?»

ማግሪታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ሁሉ ደህና ነው ይበልና ያችን ጀልባ ዳግም ብረግጣት፣ አለች በሆዷ።

«አጎት ፋን…» ድምፁ የቴውኒስ አይመስልም። «ደህና አይደለሁም።»

ማንም አልሳቀም። ቴውኒስ ጉሮሮውን ጠርጎ የፓምፑን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበ። ገና ሳይጨርስ ሁለት ጀልባዎች ተሻሙበት። አንደኛው ቅርብ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ አደርስልሃለሁ አለው። ማግሪታ በጣቷ ቆጠረች። ዛሬ እኩለ ቀን ከወጣ ቅዳሜ ማታ ሪቻርድስ ቤይ ይገባል፣ እሑድ ጠዋት በመኪና ደርባን። ሌላ ነገር ካልተሰበረ ነው ታዲያ፤ እሱ ደግሞ መቼም ይሰበራል።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ሬዲዮው።

ዲዮን መነጋገሪያውን አቀበላት። «እሰማሃለሁ።»

«ያ ሌላው ጫማሽ…»

«ምን ሆነ?»

«እሱንም ቆርጬዋለሁ።»