በጀርባ የመተኛት ጥናት

ፕሮፌሰሩን በክፍላችን «ሊቀ ጀርባ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ ራሳቸው በሚወዱት በኩል፣ ከጀርባ። ነፍሰ ጡር ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባዋ ብትተኛ የእናትየዋ ደም ግፊትና የፅንሱ የልብ ምት ምን እንደሚሆን ያጠናሉ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ማሽኑን የማስረውም ቅጹን የምሞላውም እኔ ነኝ።

እናቲቱ ትንጋለላለች፣ ሆዷ ላይ የልብ ምት መቅጃው፣ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያው ይታሰራል። ሠላሳ ደቂቃ ነው። ፕሮፌሰሩ ሁለት ደቂቃ ቆመው ያዩና «በርቺ እናቴ፣ ለሳይንስ ነው!» ብለው ወደ ቢሯቸው ይሄዳሉ። ለሳይንስ መንጋለልን እሳቸው ከየት ያውቁታል? የእሳቸው ሆድ ቢገፋ ከምሳ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዋ ሴት አምስት ደቂቃ ሳይሞላት ፊቷ ነጣ፣ ላብ ችፍ አለባት። «ሲስተር፣ አዞረኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ወደ ግራ ጎኗ አዙሬ ከጀርባዋ ትራስ ደገፍኩላት፤ ወዲያው ቀለሟ ተመለሰ። የከበደ ማህፀን ትልቁን የደም ሥር ሲጫን እንዲህ እንደሚያደርግ የማታውቅ አዋላጅ የለችም። ቅጹ ላይ ግን «አተኛኘት፦ በጀርባ» የሚለው አስቀድሞ የታተመ ነው፤ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሁለተኛዋንም አዞርኳት። ሦስተኛዋን እስክትነጣ እንኳ አልጠበቅኩም። ሥራዬን ስለምፈልገው ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በዓመቱ ፕሮፌሰሩ ደረታቸውን ነፍተው መጡ።

«ሲስተር፣ ጉድ ሠራን እኮ! ስልሳ አንድ እናቶች፣ አንድም ችግር የለም! በጀርባ መተኛት ምንም አይጎዳም!»

በእጃቸው ለየጤና ጣቢያው የሚበተን በራሪ ወረቀት ይዘዋል። «እናቶች ሆይ፣ እንደፈለጋችሁ ተኙ» ይላል። ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ብናገር እባረራለሁ፤ ዝም ብል ያ ወረቀት ስንቷን እናት በጀርባዋ ያስተኛታል? ሦስት ቀን እስከ በራቸው ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። ዐርብ ቆርጬ ስገባ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ልጃቸው ተቀምጣለች።

«ስልሳ ሁለተኛዋ የኔዋ ትሁን!» አሉ። «ፎቶዋን ወረቀቱ ላይ እናወጣለን።»

«ፕሮፌሰር፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ…»

«በኋላ ሲስተር፣ በኋላ!»

ልጅቷ ተንጋለለች፤ እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ፎቶ ሲያነሱ፣ ደግመው ሲያነሱ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆዩ።

በአራተኛው ደቂቃ ልጅቷ «አባዬ…» አለች። ከንፈሯ ነጥቷል። ማሽኑ ላይ የፅንሱ ልብ ምት ከመቶ አርባ ወደ መቶ፣ ከመቶ ወደ ዘጠና ወረደ። እጄን ስዘረጋ ቀደሙኝ። ስልካቸውን ጥለው ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ግራ ጎኗ አዞሯት። እኔም ትራሱን ደገፍኩላት። ምቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ መቶ አሥር፣ መቶ ሠላሳ።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል። የራስ ሲሆን ደግሞ እጅ እንዴት እንደሚፈጥን አየሁ።

«ይቺ ለየት ያለች ናት» አሉ። «ከጥናቱ ትውጣ።»

«አትለይም፣ ፕሮፌሰር። ሌሎቹንም እኔ እንዲሁ አዙሬያቸው ነው።»

«ስንቱን?»

«ስልሳ አንዱንም።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጅቷ ከትራሷ ቀና ሳትል «አባዬ፣ ሲስተርን እንዳትናገራት» አለች።

እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። የልጃቸው ቅጽ ላይ «ከአራት ደቂቃ በኋላ ወደ ግራ ዞረች» ብለው ጠርዙ ላይ ጻፉ። ከዚያ ስልሳ አንዱን ቅጽ ከመደርደሪያው አወረዱና «በጀርባ» የሚለውን በየተራ ይሰርዙ ጀመር። ሲጨርሱ የእኔን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ። እጃቸው ዝሎ ስለነበር አጭር ነው።