ኪሱ ውስጥ የከረመችው ስም

የሃምሳ አለቃ ጉግሳ ምስጢር አያወጣም። ምርመራ ክፍል በዚህ ያመሰግኑታል፤ ሚስቱ ተሻለች ግን «እኔስ ከግድግዳ ጋር ነው የተጋባሁት» ትላለች። እውነቷን ነው!

በሰባ ሰባት ዓ.ም.፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ደረቁ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ሰውነቷ ላይ አንድ ጭረት የለም። ሐኪሙ የገደላት ውሃ ጥም ነው አለ። ቧንቧ ባለበት ከተማ!

ጉግሳና ባልደረባው ሰማታር ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ክፍሉ የሚባል ሰው «የመጨረሻው መልእክተኛ ነኝ» እያለ ተከታዮቹን ቤት ዘግቶ፣ ሰማይ እስኪከፈት እህል ውሃ እንዳይቀምሱ ያስምላል። የት እንደሚዘጋባቸው ግን አልታወቀም። ጥሩወርቅ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችው ወረቀት ተገኘ። «ተረኞች» ይላል ከላይ፤ ከሥሩ አምስት ስም፣ ሁሉም የክርስትና ስም።

«አቦ፣ ለተሻለች አሳያት» አለ ሰማታር። «የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ክርስትና ያነሳች እሷ አይደለችም እንዴ?»

«የምርመራ ምስጢር ነው።»

«ወላሂ፣ ሚስትህ እኮ ናት!»

«ለሚስትም ቢሆን።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በማግስቱ አንድ ልጁ ሰርካዲስ «አባዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሱባኤ ልግባ» አለችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ተሻለች ደስ አላት። እሱ ግን ረቡዕ ረቡዕ የፖለቲካ ጥናት ላይ «ጓድ» እየተባለ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ልጁ ሱባኤ ገባች ቢባል ያፍራል። «ሂጂ፤ ግን ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። የት ደብር እንደሆነ እንኳ አልጠየቃትም። ወይ ጉግሳ!

ሦስት ቀን ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ ዞረ። የቀበሌ መዝገብ የክርስትና ስም ከየት ያውቃል? በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ተሻለች ሸሚዙን ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች።

«አንተ፣ የሰርካዲስ ክርስትና ስም ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የቱ?»

«አራተኛው። አስካለ ማርያም።»

ልጅቱ ክርስትና ስትነሳ እሱ ጅጅጋ ግዳጅ ላይ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ጠይቆ አያውቅም።

«ሌሎቹንም አውቃቸዋለሁ» አለች ተሻለች፣ ስሞቹን በጣቷ እየነካች። «ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ የጥሩወርቅ የክርስትና እናት ግቢ ነው ለጸሎት የሚሰበሰቡት። ምነው ሳትጠይቀኝ?»

እዚያ ሲደርሱ ሰማታር በሩን በትከሻው ሰበረው። ክፍሉ ጓዳ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ግማሽ ጄሪካን ውሃ። ይህ ውሻ! ሦስቱ ሴቶች ነፍሳቸው አልወጣችም፤ አንዷ አልፋለች። ሰርካዲስ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጉግሳ ሲያቅፋት ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«ለማንም አልተናገርኩም፣ አባዬ» አለች።

ሐኪም ቤት ሳይደርሱ እጁ ላይ አለፈች። ጉግሳ ያን ቀን ወንድ ነኝ ሳይል አለቀሰ፤ ሰማታርም አብሮት አለቀሰ።

በቀብሩ ዕለት ቄሱ ለፍትሐቱ «ክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ ተሻለች ዞረ። እሷ ግን ቀና ብላ ጉግሳን አየችው።

«አስካለ ማርያም» አለ ጉግሳ፣ ከበር ውጭ የቆመው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ። ቄሱ ሰምተው ጸሎቱን ጀመሩ፤ እሱ ግን ደጋግሞ ይጠራት ነበር።